የበለዓም አህያ በሊማሊሞ

አህያዋ አንድ ጆሮ ጎድሏታል። ገላዋ ግራጫ የወንድ ካልሲ ነው። አፏ ከካርቶን ተቆርጦ ካልሲው ጫፍ ውስጥ ተሰፍቷል። ዓይኖቿ ከአሮጌ ካፖርት የተነቀሉ ሁለት ቁልፎች ሲሆኑ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዳባት በሚገኝ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ዐሥራ አራት ያህል ልጆች ከበዋት ቆመዋል። ክርክሩ በጆሮዋ ላይ ነው። መርፌ የያዘችው የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ጆሮውን ቀጥ አድርጋ ልትሰፋው አስባለች። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ።

«እኅታችን፣ የተደበደበች አህያ ጆሮዋ እንዲህ አይቆምም። ወደ ኋላ ነው የሚተኛው።»

ልጁ እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ሲመላለስ ያደገ ነው። በአህያ ጉዳይ እሱን የሚረታ በአዳራሹ ውስጥ አልተገኘም። ጆሮው ወደ ኋላ ተኝቶ ተሰፋ።

የሚለማመዱት የበለዓምን ታሪክ ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ 22ኛው ምዕራፍ ያለውን። የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን ይረግምለት ዘንድ በለዓምን ያስጠራዋል። በለዓም አህያውን ጭኖ ይነሣል። የእግዚአብሔር መልአክ ሰይፉን መዝዞ ሦስት ቦታ ላይ ይቆምበታል። አህያዋ ታያለች፤ ባለ ራእይ የተባለው ሰውዬ አያይም። መጀመሪያ ወደ እርሻ ታፈነግጣለች፣ ቀጥሎ የጌታዋን እግር ከግንብ ጋር ታጣብቃለች፣ በሦስተኛው መፈናፈኛ ሲጠፋ ከሥሩ ትተኛለች። ሦስት ጊዜ ትደበደባለች። ከዚያ በኋላ አፍ አውጥታ ትናገራለች።

ልጆቹ ቦታዎቹን ራሳቸው መርጠዋል። እርሻው ከዳባት መውጫ ያለ የገብስ ማሳ ነው። ግንቡ የአንድ ሰፈርተኛ የድንጋይ አጥር ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ስሙ ሲነሣ ይሳቃል። መፈናፈኛ የሌለው ሦስተኛው ቦታ ደግሞ ሌላ ሊሆን አይችልም፦ ሊማሊሞ። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ደጋው በድንገት ተቆርጦ የሚወርድበት፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ መንገድ ያጠማዘዘበት ቁልቁለት ነው። ሊማሊሞን በጭነት መኪና የወረደ ሰው በለዓም ያላየውን መልአክ አላየሁም ለማለት አይደፍርም።

ወደዚያ አዳራሽ የሄድኩት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። አሻንጉሊት በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ምን ይሠራል? ጥያቄው የኔ ብቻ አይደለም። ከአዳራሹ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቄስ ካልሲዋን አሻግረው እያዩ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገዋል። ምጥጫው የኀዘን ይሁን የመገረም አልለየሁም።

ወደ ካልሲዋ ከመመለሴ በፊት ግን ወደ ደባርቅ፣ ወደ አንድ የተዘጋ በር ልውሰዳችሁ።

የሆሣዕና ማለዳ ደባርቅ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቱሪስቱ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ እያለ ያውቃታል፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። በዚያ ማለዳ ግን ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት የመጣ ሰው አይታይም። የሚታየው ጋቢና ነጠላ ነው፣ የሚሰማው የዘንባባ መንኮሻኮሽ ነው። ዘንባባው ከቆላ የመጣ ነው፤ ልጆች ቀለበት ሠርተው በጣታቸው፣ መስቀል ሠርተው በግንባራቸው አስረውታል። ካህናቱ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞሩ በየማዕዘኑ ይቆማሉ፣ ወንጌል ይነበባል። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ በሩ ፊት ይደርሳል። በሩ ተዘግቷል።

ከውጭ ያለው ካህን በሩ እንዲከፈት በዜማ ይጠይቃል። ከውስጥ ድምፅ ይመልሳል፦ የሚገባው ማን ነው? ጥያቄና መልሱ የዳዊት መዝሙር ነው፣ ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ አጠገቤ ከነበሩት ሰዎች ስንቱ ቃል በቃል እንደተረዳው እንጃ። ትርጉሙ ግን የጠፋው ሰው የለም። ንጉሡ ውጭ ቆሟል፣ እኛም ከእሱ ጋር ውጭ ቆመናል፣ ውስጥ ያለው ማንነቱን ይጠይቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ በሩ እንደሚከፈት እያወቅሁ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው። በሩ ሲከፈት ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይገባል፤ ዘንባባው የሰው ዓይን ይወጋል፣ አንዲት እናት የልጃቸውን እጅ ላለመልቀቅ ይጮኻሉ።

ድራማ ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

በማግስቱ ሰኞ መላው ከተማ ወደ መድረክ ይወጣል። በሰሙነ ሕማማት መሳሳም የለም፤ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና። ገበያ ላይ ሁለት የድሮ ወዳጆች ሲገናኙ አይቻለሁ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው፣ የከብቱን የልጁን ደኅንነት እስኪጠያየቁ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። በዚያ ሳምንት ግን ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ይቆማሉ። እጃቸው የለመደውን ሊያደርግ ይነሣና መንገድ ላይ ይቀራል። ያቺ መንገድ ላይ የቀረች እጅ ስለ ይሁዳ የምትናገረውን ያህል የተናገረ ተዋናይ በመድረክ ላይ አላየሁም።

ከበሮው ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ዝም ብሏል። ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የሰው እግር ያጥባል፣ በየቤቱ ጉልባን ይቀቀላል። ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ስግደት ነው፤ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ማታ ሰዉ ወደ ካህኑ ቀርቦ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ይደረጋል፣ ምን ያህል እንደሚሰግድ ይታዘዛል። ቅዳሜ ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ በየቤቱ ቄጤማ ያድላሉ፤ ለኖኅ የውኃውን መጉደል ያበሠረችው ርግብ ቅጠል ምሳሌ ነው፣ ሰዉ በራሱ ላይ ያስረዋል። ሌሊት ላይ ከበሮው ሲመለስ ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሃምሳ አምስት ቀን ዝም ያሰኘው ሰው ሆን ብሎ ለዚያች ቅጽበት ያስቀመጠው ይመስላል።

የልጆቹ ተራ ክረምት ላይ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ የደብረ ታቦር በዓል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እረኛው ሁሉ ጅራፍ ይገምዳል። በጅራፉ ጩኸት ከደመናው የመጣውን ድምፅና ነጐድጓዱን ይመስሉበታል፤ ችቦው የተራራው ብርሃን ነው፤ ሙልሙሉ ደግሞ ሲመሽባቸው ለእረኞቹ የተላከላቸው ዳቦ ነው ይባላል። ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ የሚዞሩት ልጆች የወንጌልን ምዕራፍ እየተጫወቱ ነው ቢባሉ ይስቁ ይሆናል። ቲያትር ቤት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ትኬት የሚገዛለት ያጣ ነበር፤ ሁሉም ተዋናይ ነዋ።

በአውሮፓም ነገሩ የተጀመረው ከመቅደስ ነው። በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር የተዘጋጀ አንድ የ10ኛው መቶ ዘመን የገዳማት ሥርዓት መጽሐፍ በትንሣኤ ሌሊት ምን እንደሚደረግ ይዘረዝራል። አንድ መነኩሴ ነጭ ለብሶ መልአክ ሆኖ መቃብሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሦስት መነኮሳት ሽቱ እንደያዙት ሴቶች ሆነው እየፈለጉ ይመጣሉ፣ ይጠያየቃሉ። ጥቂት መስመር ናት። ከዚያች ጥቂት መስመር ግን መቶ ዓመታት ቆይቶ የከተማ አደባባይ የሚሞላ ተውኔት ወጣ፤ ሰይጣናቱ ከሐዋርያቱ ይልቅ ሕዝብ የሚያስቁበት ደረጃ ላይ ሲደርስ አለቆቹ ተቆጡ። በጀርመን የኦበራመርጋው መንደር ሰዎች በ1633 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወረርሽኝ ቢያልፍልን የጌታን ሕማማት እንጫወታለን ብለው ተሳሉ፤ በዓመቱ ጀመሩት፣ እስከ ዛሬ በየዐሥር ዓመቱ ያሳያሉ። የመጨረሻው በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ታየ።

አሻንጉሊቱም ከዚያው ቤት ነው የወጣው። በገመድ የሚንቀሳቀሰውን አሻንጉሊት ፈረንጆች ማሪዮኔት ይሉታል፣ ትንሿ ማርያም እንደማለት ነው። በዩክሬን ቨርቴፕ የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ ሣጥን አለ፤ ላይኛው ፎቅ ቤተ ልሔም ነው፣ ታችኛው ሄሮድስና የሠፈር ቀልደኞች የሚርመሰመሱበት ዓለም ነው። ከሁሉም በፊት በ1223 ፍራንቸስኮስ ዘአሲሲ በግሬቾ መንደር የልደቱን ግርግም ሲሠራ የጠራቸው ሁለት እንስሳት እውነተኛ ነበሩ፦ አንድ በሬና አንድ አህያ። ይህችን አህያ ያዙልኝ።

እኛ ጋር ግን ትንሿ ማርያም አልመጣችም። ምክንያቱ ስንፍና ወይም ድህነት አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ትወዳለች፣ ግድግዳዋን ከጣሪያ እስከ ወለል ታለብሳለች፤ በክብ የተቀረጸ ምስልን ግን ከኦሪቱ ትእዛዝ የተነሣ ትሸሻለች። ዙሪያውን የሚታይ፣ የሚጨበጥ፣ ጥላ የሚጥል ቅዱስ ከመቅደሷ አይገኝም። ከዕንጨት የተጠረበ ቅዱስ ጊዮርጊስ በገመድ እየተሳበ ሲወዛወዝ ደባርቅ ላይ ቢታይ ምን እንደሚባል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሌላም የቆየ ቁስል አለ። ኢየሱሳውያን በየአገሩ ትምህርት ቤቶቻቸው ተውኔትን ለማስተማሪያ የሚጠቀሙ ማኅበር ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ አድርገው በዚህ አካባቢ ያስነሡት እሳት ብዙ ሰው ከበላ በኋላ ልጁ ፋሲል አባረራቸው። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ማስተማሪያ ሁሉ ደጋው ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል።

በግድግዳ ሥዕሉ ውስጥ ግን ድራማው ሙሉ ነው። ከሥዕሉ ውጭም ራሷ ድራማ የሆነች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከደባርቅ ወዲያ በጃናሞራ ያለችው ደረስጌ ማርያም። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠራት ናት፤ ንግሥናውን አስቦ ነው ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አንዱ ያሰናዳውን ድግስ ሌላው በላው። ይህን ታሪክ ተውኔት አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ ተጋንኗል ይሉት ነበር።

በጎንደር ዘመን አሣሣል አንድ ሕግ አለ፣ ልጅ ሳይነገረው የሚያውቀው፦ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የመጨረሻውን እራት ሥዕል አይቶ ይሁዳን በጣቱ ይነካል። የዳባቷ አስተማሪ ይህን ሕግ ወስዳዋለች። በለዓምን የሚጫወተው ልጅ መልአኩን እስኪያይ ድረስ ለታዳሚው በጎኑ እንዲቆም ታዝዟል። ልጁ ደጋግሞ ይረሳና ፊቱን ያዞራል፤ «አንድ ዓይን! አንድ ዓይን!» ይሉታል ጓደኞቹ። አህያዋ ግን ገና ከመጀመሪያው ሁለት ዓይን አላት። እኩል ባይሆኑም።

የዘመናዊው ቲያትራችን ታሪክ ራሱ ከእንስሳት ነው የሚነሣው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ሩሲያ ተምረው የመጡት፣ ከላፎንቴን ተረቶች ወስደው የአውሬዎች ኮሜዲያን አሳዩ። በሰው ቢነገር ራስ የሚያስቆርጠውን በአንበሳና በቀበሮ አስነገሩት፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ገባውና ከለከለ። ቀጥሎ የመጡት ጸሐፌ ተውኔቶች ደግሞ አብዛኞቹ የቆሎ ተማሪ ቤት ያሻቸው ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር የመጣ ነው፤ መንግሥቱ ለማ የአለቃ ለማ ልጅ ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሲመረቅ የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፣ ከመጽሐፈ ሳሙኤል የተወሰደ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ አቡነ ጴጥሮስን፣ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በአደባባይ የረሸናቸውን ጳጳስ፣ ወደ መድረክ አወጣቸው። ቲያትሩ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ከተማ ገባ ማለት ይቻላል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከከተማ ይዞት ተመለሰ፦ ከነመጋረጃው፣ ከነማይክሮፎኑ፣ አንዳንዴም ከነማጋነኑ።

ይህን የምለው ከውስጥ ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት የልደት ድራማ ላይ ሦስተኛው እረኛ ነበርኩ። አንድ መስመር ነበረኝ፤ «እነሆ ብርሃን!» ማለት። መብራት በዚያች ደቂቃ ጠፋ። ድርቅ ብዬ ጨለማው ውስጥ «እነሆ ብርሃን!» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ዛሬ ድረስ ሠፈር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ስሜን የሚጠሩ ሰዎች አሉ።

ከዚያ ሁሉ ውርደት ጋር አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። በድራማችን ጌታን የሚጫወት ሰው አልነበረም። የጎልማሳውን ጌታ ታሪክ ስናሳይም ድምፁ ብቻ ከመጋረጃ ጀርባ ይመጣ ነበር። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። አሁን ሳስበው፣ መልሱ ከልጅነታችን ጀምሮ ፊታችን ነበረ። የቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሦስት ክፍል ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱን አልፈን ቅድስት እንደርሳለን፣ መቅደሱ በመጋረጃ ተሸፍኗል። እሑድ እሑድ ትልቁ ነገር የሚሆነው ከዚያ መጋረጃ ወዲያ ነው። ካህኑ አይታይም፣ ድምፁ ይሰማል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። የደጋ ልጅ መራመድ ሳይጀምር በእናቱ ጀርባ ሆኖ ይህን ተምሯል፦ ከመጋረጃ ጀርባ የሚመጣ ድምፅ ከሚታየው ሁሉ ይበልጣል።

አሻንጉሊት የሚያጫውት ሰውም ሥራው ይኸው አይደለም? ራሱን ይሰውራል፣ ድምፁን ይልካል። እንግዳ የሚመስለው የካልሲ ጨዋታ ከዚህ በኩል ሲታይ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የከበደው አሻንጉሊቱ አይደለም፤ አሻንጉሊቱ ማን ይሁን የሚለው ነው። ቅዱስ ከሆነ ጣዖት ይመስላል። አህያ ከሆነች ግን ማን ይከሳታል? ተክለ ሐዋርያት በአውሬ ያመለጡበት መንገድ ይህ ነበር፤ ባያመልጡም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በቴሌቪዥን ያቀረቧት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የእጅ አሻንጉሊት የሆነች ቀጭኔ ናት፤ ቀጭኔ አይተው የማያውቁ ልጆች እጅ ታጠቡ ስትላቸው ሰምተዋታል። በየከተማው ባሉ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የልጆች ክፍሎችም አሻንጉሊት እንግዳ አይደለም። ከውጭ በመጡ፣ ፀጉራቸው ቢጫ በሆነ አሻንጉሊቶች የተጀመረበት ቦታ አለ፤ ለልጅ ጆሮ ግን ቢጫ ፀጉር በአማርኛ ሲናገር ከትምህርቱ በፊት ሳቁ ይቀድማል። እንስሳው አገር የለውም፣ ወይም አገሩ እዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ሳልጽፈው የማላልፈው ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ በአቅራቢያው ባለችው ጭና መንደር ብዙ ሲቪሎች ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ የደጉ ሳምራዊን ታሪክ በዚህ አካባቢ መጫወት ቀላል አይደለም። በዚያው አዳራሽ ሲለማመዱት አይቻለሁ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴ የደበደበውን ሰው የሚጫወተው ልጅ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ጥያቄው ወንበዴዎቹ ምን ይልበሱ የሚል ሆነ። አንዱ የወታደር ሱሪ አምጥቶ ነበር። አስተማሪዋ አየችው፣ አጠፈችው፣ ከሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ወንበዴዎቹ የመዝሙር ልብሳቸውን ገልብጠው ለበሱ፤ ማንንም አይመስሉም፣ ወይም እነሱኑ ይመስላሉ። ስለ ሱሪው ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። በዚያ ቀን መድረኩ ላይ ከተባለው ሁሉ እኔ የያዝኩት ያቺን ማጠፍ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የሚያሳዩት ድራማ ብዙ ጊዜ ያሰለቸኛል፤ ይህንንም ልበል። ሰካራሙ ይሰክራል፣ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ መምህሩ ገብቶ ሩብ ሰዓት ይሰብካል፣ ሰካራሙ ይመለሳል፣ መዝሙር። ታዳሚው ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ያው ሰው ነው፣ በሆሣዕና በር ፊት ትንፋሹን ይዞ የቆመው። በሩ ፊት የእሱ ድርሻ አለው፤ እሱ ካልገባ ንጉሡ ብቻውን ነው የሚገባው። አዳራሹ ውስጥ ግን እሱ ኖረ አልኖረ ሰካራሙ መመለሱ አይቀርም። እንደኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባው ባዕድ ነገር መጋረጃውም ካልሲውም አይደለም፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ነው።

የበለዓም ቀን ደረሰ። ወንበር ጥቂት ስለነበረ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደረደሩ፣ እናቶች ከኋላ ቆሙ። መጋረጃው በሁለት ምሰሶ መካከል የታሰረ የአልጋ ልብስ ነው። በለዓም በጎኑ ሆኖ ገባ፣ ጋቢ ለብሶ፣ አርጩሜ ይዞ። ከአልጋ ልብሱ በላይ የአህያዋ ራስ ብቅ አለ፤ አንገቷ ላይ ትንሽ ከረጢት ታስሮባታል፣ የገብስ ጭነት ነው። ያ የወፍጮ ቤት ልጅ ነው የሚያጫውታት፤ ክንዱ እንዳይዝል በሌላው እጁ ክርኑን ደግፎ። ስታናፋ ከኋላ የቆሙት እናቶች ዘወር ብለው ወደ ደጅ አዩ።

መልአኩ የእጅ ባትሪ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ በርቶ በጨርቁ ላይ ክብ ብርሃን ይሠራል። ልጆቹ ያዩታል፣ አህያዋ ታየዋለች፣ በለዓም አያየውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደበደብ ጥቂቶች አጉረመረሙ። በሁለተኛው፣ ግንቡ ጋ፣ አንዲት ሕፃን ተነሥታ «ተው!» አለችው። ሊማሊሞ ላይ አህያዋ ስትተኛ ግን አዳራሹ በሙሉ ቆመ፤ «ከፊትህ ነው! ከፊትህ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ብርሃኑን በጣታቸው ያሳዩታል፣ አንዱ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ደጅ ሮጧል መሰለኝ። የበለዓም ተዋናይ ልጅ ጩኸቱ በዝቶበት ግራ ገባው፣ አርጩሜውን አንሥቶ ቀረ። በዚህ መካከል አህያዋ ተናገረች። የተጻፈላትን ግን አላለችም፤ ልጁ ረስቶታል። ያለው ቤት ውስጥ የሚሰማውን ነው፦

«ምን አደረግሁህ? ስንት ዓመት ወፍጮ ቤት አመላለስኩህ!»

ሳቅና ጸጥታ አንድ ላይ መጣ። በለዓም ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ታዳሚው አዞረ፤ ሁለት ዓይን ሆነ። ባትሪው ፊቱ ላይ በራ። በግንባሩ ተደፋ።

መዝሙር ተዘመረ፣ እናቶች እልል አሉ፣ ዳቦና ቆሎ ታደለ። ልጆቹ የአልጋ ልብሱን ሲፈቱ አህያዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጧት። ያ ሁሉ ሲሆን አዛውንቱ ቄስ ከደጃፉ አግዳሚ አልተነሡም ነበር። አሁን መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ፣ መስኮቱ ጋ ደርሰው አዩዋት፣ ቆይተው አዩዋት።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ «ይቺን አህያ ጭነቷን አታወርዱላትም እንዴ?»

የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሮጦ መጥቶ ከረጢቱን ፈታው።